የሰማይ ዕድሜ እስኪታወቅ

ሰፈሩ ውስጥ «ቢሊዮን» የሚባል ፀጉር አስተካካይ አለ ሲባል፣ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜማ ሰው ማጋባት ሥራዋ የሆነ ሴትዮ ስሙን ብቻ ሰምታ፣ ደህና ሚስት አግኝቼልሃለሁ ልትለው መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ቆዳው የተቀደደውን ወንበር፣ ጥርሱ የረገፈውን ማበጠሪያና ባለቤቱን ራሱን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ይቅርታ፣ ሱቅ ተሳስቼ ነው» ብላ ተመለሰች። ጋሽ ቢሊዮን ይህን ሲያወራ ከሰሚው ቀድሞ ይስቃል። ሰው ሳይቀድመው በራሱ መሳቅ የቆየ ልማዱ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ሳያስቅ የተመለሰበት ቀን የለም።

ስሙ የወጣለት በሌላ ምክንያት ነው። አንዲት ልጅ አለችው። ይህች ልጅ ባሕር ተሻግራ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ባለ የከዋክብት መመልከቻ፣ ዩኒቨርስ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር ትሠራለች። አባት ደግሞ ፀጉር ሲቆርጥ ሌላ ወሬ የለውም። «አስራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ዓመት ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ከዚያ ያንሳል የሚሉም አሉ» ይላል፣ ቶንዶሱን በደንበኛው ጆሮ ዙሪያ እያዞረ። ለመቆረጥ የገባ ሰው ፈለገም አልፈለገም ቢሊዮን ሲባል ሰምቶ ነው የሚወጣው። ስሙ በዚሁ ተጣበቀበት፤ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ዛሬ የሚያስታውሱት ታላቅ እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ሙያውን የተማረው ከአጎቱ ነው። አጎቱ ከመቀስ አያያዝ በፊት ያስተማሩት ዝም ማለትን ነበር፤ ያንን ትምህርት እንደወደቀ ራሱ ይመሰክራል። ሚስቱ የሞተችበት ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን ሳትጥል ነው። የሚጠብቅለት ሰው ስላልነበረው፣ ልጅቷ ያደገችው ሱቁ ውስጥ፣ ወንዶች ተራ በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ነው። የቤት ሥራዋን እዚያ ትሠራለች፣ ምሳዋን እዚያ ትበላለች፣ እንቅልፍ ሲጥላትም ንጹሕ የአንገት ጨርቅ ለብሳ እዚያው ትተኛለች። በየጠዋቱ ፀጉሯን የሚጎነጉንላት ሰው ስላልነበረ መጎንጎን ከእህቱ ተማረ። የወንድ ፀጉር ሃያ ዓመት የቆረጠ እጅ፣ የአንዲት ሕፃን ጉንጉን ሲሠራ ግን ሁልጊዜ በግራ በኩል ይወላገድበት ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሲስቁባት፣ «አባዬ ነው የሠራው» ብላ አንገቷን ቀና እንዳደረገች ከመምህሯ ሰምቶ፣ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ከጓዳ ለብቻው አልቅሷል። ይህን ግን ለማንም አያወራም፤ ሰው የሚስቅበት ወሬ አይደለማ።

ደንበኛው ማጅራቱን እንዲያይ ሱቁ ውስጥ ሁለት መስታወቶች ፊት ለፊት ተሰቅለዋል። አንድ ቀን ልጅቷ በመካከላቸው ቆማ፣ አባቷ በአንዱ ውስጥ ሆኖ በሌላው፣ ከዚያም በሌላው እያነሰ ሲሄድ አየች።

«አባዬ፣ መጨረሻ ላይ ያለኸው አንተ የታለህ?»

«እሱማ ሩቅ ነው» አላት። «እሱ ገና ፀጉር አለው። ጎረምሳ ነው።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለእረፍት ስትመጣ ነው ነገሩን ያነሳችው። ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሩቅ ማየት ድሮን ማየት ነው፣ ያ ቀልድህ ልክ ነበር አለችው። እሱም ልክ ነበር መባሉን ይዞ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ምኑ ልክ እንደነበር ግን ለማንም በቅጡ ማስረዳት አልቻለም።

ወደ ውጭ ስትሄድ ዘመድ ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ሸኛት። እዚያ ላይ ነው አባቷ «መቼ ነው የምትመጪው?» ያላት። እሷም «ክርክሩ ሲቋጭ» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሽ ቢሊዮን ይህችን ቃል እንደ ቀጠሮ ይዟታል።

ክርክሩን ብዙ ጊዜ አስረድታዋለች። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው፣ ከዋክብትን ያቀፉት ታላላቅ ክምችቶች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ነው። «አንድ አውቶቡስ ምን ያህል እንደራቀና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ካወቅህ፣ መቼ እንደተነሳ ታውቃለህ አይደል?» አለችው። ጠቡ ፍጥነቱ ላይ ነው። አንዱ ወገን ከሁሉ የቆየውን የሰማይ ብርሃን መርምሮ አንድ ፍጥነት ያወጣል። ሌላው ወገን የሚደምቁና የሚደበዝዙ ከዋክብትን፣ ደግሞም የሚፈነዱትን እየለካ ሌላ፣ ከዚያ የበለጠ ፍጥነት ያወጣል። ፍጥነቱ ከበለጠ ዕድሜው ያንሳል። ሁለቱም ደጋግመው ለክተዋል፤ ሁለቱም ስህተቱ ከእኔ ዘንድ ነው አይሉም።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ጋሽ ቢሊዮን የያዘው አንድ ነገር ነው። ጠብ አለ፤ ጠቡ ሲያልቅ ልጄ ትመጣለች።

እሁድ ከሰዓት ስልክ ይደወላል። እሱም እሷ ገና «ሄሎ» ሳትል፣ «እህስ፣ ታረቁ?» ይላል።

«ገና ናቸው አባዬ።»

«መሃል ላይ ለምን አይገናኙም? አንዱ ትንሽ ይቀንስ፣ አንዱ ትንሽ ይጨምር። እዚህ በአጥር የተጣሉ ሰዎች እንኳ እንደዚያ አይደል የሚታረቁት?»

«ይሄ እኮ አጥር አይደለም።»

«ሁሉም ጠብ አጥር ነው» ይላታል። እሷም ትስቃለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከልቧ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ኋላ ሳቋ አጠረ። ከዚያ ስለ አዲሱ መለኪያ፣ ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን በማን ላይ እንደተነሳ እየጠየቃት ጊዜው ያልቃል። ሊጠይቃት የሚፈልገው ሌላ ነበር። በልተሻል ወይ? ሲያምሽ ማን አለሽ? አንድ ቃል ደግሞ ነበረች፣ በየሳምንቱ እስከ ምላሱ ጫፍ ደርሳ የምትመለስ። የሰማይን ፍጥነት ሲጠይቅ ያልተናነቀው ሰውዬ፣ «ናፍቀሽኛል» ሊል ሲል ተመልሶ ስለ ከዋክብት ይጠይቃል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው የተሠራው፤ የሚያስቀውን ለሁሉ ይበትናል፣ የሚያስለቅሰውን ለራሱ ይቆልፋል።

ናፍቆቱ የተቀመጠው እጁ ላይ ነበር። አንድ አባት ትንሽ ሴት ልጁን ጫፍ ጫፉን አስተካክልልኝ ብሎ ካመጣ፣ ጋሽ ቢሊዮን ማበጠሪያውን ይዞ ሥራው ካለቀ በኋላም ያበጥራል። «በቃት እኮ» እስኪባል ድረስ ያበጥራል። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጁን ክፍል መስኮት ይከፍትና ፍራሿን አገላብጦ ያናፍሳል፤ ማንም ያልተኛበት ፍራሽ ምን እንደሚናፈስ እሱ ነው የሚያውቀው። ያ እጅ ደግሞ ካለፈው ዓመት ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቶንዶስ ሲይዝ ብዙ አያስታውቅም። ምላጭ ግን ትቷል፤ አንገቱን ለምላጩ አሁንም የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጓደኛው ጡረተኛው ሾፌር። «አንተ ካረድከኝም በነጻ ነው» እያለ ይቀመጥለታል። ለልጁ ይህን አልነገራትም። ስለ ጤናው ስትጠይቀው፣ «እኔ እንደ ዩኒቨርሱ ነኝ፣ እየሰፋሁ ነው» ይላትና ሆዱን ይመታል።

ሱቁም እንደ ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ማዶ መድኃኒት የሚሸጠው ፋርማሲስት የጥንቱ ብርሃን ወገን ነው። ሾፌሩ የከዋክብቱ ወገን ነው፤ ፋርማሲስቱ ያኛውን ባይመርጥ ኖሮ እሱ ይሄኛውን እንደማይመርጥ ሁሉም ያውቃል። «እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» ይላል። «ፍጥነት የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው፣ ሲነሳ አይደለም።» ፋርማሲስቱ ስልኩን አውጥቶ ያነብለታል፤ ሾፌሩ እንደማይሰማ ሰው ጣሪያውን ያያል። ጋሽ ቢሊዮን ብቻ ወገን አልነበረውም። ማንም ያሸንፍ፣ ብቻ አንዱ ያሸንፍ ባይ ነው።

ስለዚህም አንድ ቀን ሬዲዮው፣ ዕድሜው እስካሁን ከሚባለው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል የሚል ተመራማሪ ተነሣ ብሎ ሲያወራ፣ ጋሽ ቢሊዮን በያዘው ፎጣ ሬዲዮውን መታው። «ደግሞ ሦስተኛ ወገን!» አለ። «ሁለቱን ማን ቻላቸውና!» በቀትር ሱቁን ዘጋና ቤቱ ገብቶ ተኛ። እህቱ ልትጠይቀው መጣች። የታመመ መስሏት ነበር፤ የሆነውን ስትሰማ ግን ትሳቅ ወይ ትዘን ግራ ገባት።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ያንተ ነገር ነው» አለችው።

«እትዬ፣ ተይኝ እስቲ።»

«ልተውህ። ግን ሊቅ ከክርክር ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ? ክርክሩ እኮ እንጀራቸው ነው።»

ይህ ነገር ከነከነው። አህያ ቀንድ እስክታበቅል ነው የቀጠረችኝ ማለት ነው? ልጄ ላለመምጣት ነው እንዴ እንደዚያ ያለችኝ? ለብዙ ቀናት ቶንዶሱን ይዞ ዝም ሲል ደንበኞቹ ደነገጡ፤ አጎቱ ቢያዩት ኖሮ በመጨረሻ ተማረ ይሉ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፋርማሲስቱ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ መንገዱን በሩጫ አቋርጦ መጣ። ሾፌሩ አገጩ በሳሙና ተሸፍኖ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ምላጩ ጉሮሮው ላይ።

«ጋሽ ቢሊዮን! ተቋጨ!»

«ምኑ?»

«ክርክሩ! ይኸው፣ ተጽፏል። አዲስ ልኬት መጣ፣ ልዩነቱ ጠፋ ይላል። አስራ ሦስት ነጥብ ስምንት!»

ምላጩ ትንሽ ቆረጠ። ሾፌሩ ደሙን በጣቱ ነካና አየው። መሸነፉን ረስቶ ተነሥቶ ጓደኛውን አቀፈው፤ ሳሙናው የሁለቱንም ጉንጭ ለቀለቀ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። «እኔ ተሳስቻለሁ፣ ይሁን። ልጅህ መጣችልህ!» ሾፌሩ በግማሽ የተላጨ ፊቱን ይዞ ወጥቶ ለሰፈሩ አወራ። ዩኒቨርስ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ዕድሜው ስለታወቀ ደስ አላቸው።

ጋሽ ቢሊዮን ዓርብና ቅዳሜ ሱቁን አልከፈተም። የልጁን ክፍል በውሃ ሰማያዊ ቀለም ቀባ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የመስኮቱ ጠርዝም አብሮ ተቀባ። አዲስ ፍራሽ ገዛ። መጋረጃውን እህቱ አጠበችለት። ያንን መጋረጃ ሲሰቅል የሚያፏጨው ነገር ምን ዓይነት ዜማ እንደነበር እህቱ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም ነበር።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። እህቱ አጠገቡ ናት።

«እህስ፣ መቼ ነው?» አለ።

«ምኑ አባዬ?»

«መምጫሽ ነዋ! ክርክሩ አለቀ አይደለም እንዴ? ፋርማሲስቱ አንብቦልኛል። ልዩነቱ ጠፋ ተብሏል።»

«እሱ እኮ የአንዱ ቡድን ጽሑፍ ነው» አለች ልጅቷ። «ትናንት ሌሎቹ መልስ ሰጥተዋል። ገና ነው፣ አባዬ። እንዲያውም ብሷል።»

«ብሷል?»

«ብሷል።»

ጋሽ ቢሊዮን አዲሱን ቀለም አየ። «እንግዲያው ሁሉንም ፀጉራቸውን ቁረጪያቸው፤ ሰው ጭንቅላቱ ሲቀልለት ይታረቃል» አለ። ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ያቺን አጭር ሳቋን። ተሰነባበቱና ዘጋ።

ከዚያ አዲሱ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ወለሉን አየ። እህቱ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ» አለች። «ይህችን ልጅ አንድ ቀን ናፍቀሽኛል ብለሃት ታውቃለህ?»

«ታውቃለች።»

«በምን ታውቃለች? በቢሊዮን?»

እህቱ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ደወለችና መልሳ ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። የማትለቅ ሴት ናት፤ እጇንም ስልኩ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ? ምን ሆንክ?» ልጅቷ ደንግጣለች።

«ምንም አልሆንኩም።»

እህቱ በዓይኗ ወጋችው።

«ናፍቀሽኛል» አለ።

«ምን አልክ?»

«ናፍቀሽኛል። ይቋጭ አይቋጭ ግድ የለኝም። ዩኒቨርሱ ከፈለገ ዛሬ ጠዋት ይፈጠር፣ እኔ ምን ቸገረኝ? አንቺን ማየት ነው የምፈልገው። ላለመምጣት ብለሽ ቀጥረሽኝም ከሆነ ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

ማልቀሷን ሰማ። ትልቅ ሰው ሆና ስታለቅስ ሰምቷት አያውቅም ነበር፤ ድምፁ ግን ያው የድሮው ነው፣ አግዳሚው ላይ ጉልበቷን መትታ ስታለቅስ የነበረው።

«አንተ አይደለህ እንዴ፣ መልሱን ሳትይዢ እንዳትመጪ ያልከኝ?» አለች።

«እኔ? መቼ?»

«ስሄድ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ። ክርክሩ ሲቋጭ ስልህ፣ ‹በይ እንግዲያው መልሱን ሳትይዢ በዚህ በር እንዳላይሽ!› አልከኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

አሁን ትዝ አለው። ዘመድ ሁሉ ያየው ነበር፣ ያን ቀልድ ባይወረውር ኖሮ እዚያው በሕዝብ ፊት ይነፋረቅ ነበር። ወርውሮት ረሳው። ካፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው፤ እሱ የጣለውን እሷ አንሥታ ዘጠኝ ዓመት ተሸክማዋለች።

«ቀልዴን እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በየሳምንቱ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ሁለት ጊዜ እረፍት ሰጥተውኝ ነበር። ባዶ እጄን ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስጠብቆ፣ ብዬ ተውኩት።»

ሁለት ጊዜ። የትኞቹ ዓመታት እንደሆኑ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቅ አይችለውም ነበር። እህቱ ስልኩን ለቀቀችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«አባዬ» አለች ልጅቷ። «አሁን ስንት ዓመትህ ነው?»

«እኔማ ገና…» ብሎ ልማዱን ጀመረ። አልጨረሰውም።

«ሰባ ስድስት» አለ። «እጄም ይንቀጠቀጣል። ምላጭ ትቻለሁ።»

የተቋረጠ መስሎት «አለሽ?» አለ።

«አለሁ። እኔ እኮ… ሰባ አልሞላህም ብዬ ነው ሁልጊዜ የማስበው። ስሄድ በነበርክበት ነው ያስቀመጥኩህ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። «ቲኬት ልቁረጥ?»

«ቁረጪ።»

«ክርክሩ ግን ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም።»

«ተያቸው» አለ ጋሽ ቢሊዮን። «እነሱ ጊዜ አላቸው። አንቺ ቶሎ ነይ።»